አንድ ጊዜ ይሞከራል

«ድንጋዮቹን ያነሳሁት እኔ ነኝ» አሉኝ መሪጌታ ላቀው፣ ጥምጥማቸው ላይ የተሰካውን ገለባ ሳያራግፉ። «ለእንግዳ በተነጠፈ ጋቢ ላይ ድንጋይ ይቀመጣል እንዴ? ማን አሳደጋቸው አንባልም?»

ድንጋይ ይቀመጥ ብዬ የጻፍኩት እኔ ነኝ።

ደንብ የሚጻፍበትን ቦታ አይታችሁ ታውቁ እንደሆን እንጃ። ጠረጴዛ አለ፣ ማህተም አለ፣ ነፋስ የለም። አዲስ አበባ፣ ሦስተኛ ፎቅ ላይ ተቀምጬ በሽተኛ የሚያነሳው ሄሊኮፕተር የት እንደሚያርፍ፣ ምን እንደሚጭን፣ መቼ እንደሚመለስ ከፈረንጅ አፍ ወደ አማርኛ መለስኩ። «ለማረፍ አንድ ጊዜ ይሞከራል፤ አደጋ ከታየ በዚያ ቦታ ሁለተኛ አይሞከርም።» ይህች አረፍተ ነገር በጣም አምራልኝ ነበር። «ነጭ ጨርቅ ይነጠፍ፤ በአራቱም ማዕዘን ድንጋይ ይጫንበት» ብዬም ጻፍኩ። ለምን እንደሚጫን አልጻፍኩም። ደንብ ምክንያት መዘርዘር ከጀመረ ልመና ይመስላል፤ አለቃዬ እንዲህ ይሉ ነበር።

ስማዳ ውስጥ እናኑ የምትባል ሴት ምጥ ላይ ሰነበተች። ባሏ አስማረ፣ እስቴ መካነ ኢየሱስ ከተማ ድረስ በበቅሎ ሄዶ ስልክ አስደወለ። ያኔ ከሄሊኮፕተሩ ጋር በአስተርጓሚነት ተመድቤ ደብረ ታቦር ነበርኩ፤ ደንቡን በስልክ አነበብኩለት። ቃል በቃል ይዞ ተመለሰ።

በማግስቱ ጠዋት ፈረንጁ ፓይለት፣ በሽተኛ የሚረዳው ድሬሰርና አስተርጓሚው እኔ ተነሳን።

አውድማው ከሩቅ ታየን። በዚያ አገር ገበሬ ያለው ደልዳላ መሬት እሱ ነው። ጠርገውታል፤ የገብሱን ገለባ ዳር ላይ ከምረውታል። መሐሉ ላይ የክት ጋቢዎቻቸው ተነጥፈዋል። እናኑ ዳር ላይ፣ አልጋ ላይ ናት። ሕዝቡ ጎንበስ ብሎ እጅ ይነሳል።

መሬት ልንነካ ጥቂት ሲቀረን ጋቢዎቹ በክንፉ ነፋስ ተነሱ። አንዱ ፊቴ ላይ ሊደርስ ምንም አልቀረው። ፓይለቱ ያለውን አልተረጉምላችሁም። ገለባው መስተዋቱን ሸፈነው፤ ሽቅብ ሸሸን። ጋቢው ከሚሽከረከረው ክንፍ ጋር ቢጠመጠም ይህን የሚያወራችሁ አይኖርም ነበር። ስለዚህ ደንቡ ትክክል ነው።

ከገደሉ ማዶ፣ ግጦሽ ላይ አረፍን። በአየር የአንድ ትንፋሽ መንገድ ነው። በእግር ግን ወርዶ፣ ወንዝ ተሻግሮ፣ መውጣት ነው፤ ያውም አልጋ ተሸክሞ። በእጃችን ጠራናቸው። አልጋውን ሲያነሱ አየን፤ ከዚያ ገደሉ ዋጣቸው።

ድሬሰሩ የጋይንት ልጅ ነው። «ጋቢውን እስኪያነሱ ጠብቀን እንደገና ብንወርድስ?» አለኝ።

«ሁለተኛ አይሞከርም።»

«ማን አለ?»

ወደ ገደሉ ዞርኩ። ፓይለቱ ሰዓቱን ያያል።

መሪጌታ ከሁሉም ቀድመው ደረሱ። ስለ ድንጋዮቹ የነገሩኝ ያን ጊዜ ነው። «ጥፋቱ የኔ ነው። እሷ ግን በሕይወት አለች፤ ዳገቱ ሥር ውሃ ጠይቃለች» አሉ።

አልጋው ደረሰ። ድሬሰሩ ነጠላውን ገለጥ አደረገ፣ አንገቷን ዳሰሰ፣ ፊቷን መልሶ ሸፈነ።

«አስማረ፣ ወንድሜ፣ አርፋለች» አለው።

«አውቃለሁ። ወንዙን ስንሻገር ነው እጄን የለቀቀችኝ።» የአልጋው እግር ትከሻውን ልጦታል። «ግዴለም፣ አስገቧት። አርብ ገበያ ከተማ አድርሱልኝ፤ እናቷ እዚያ ናቸው። እኔ ይህን ገደል ሬሳዋን ይዤ ደግሜ አልወርድም።»

ፓይለቱ ሞተሩን አስነስቶ ወደ እኔ ዞረ። «ምን ይላል?»

ደንቡ አስከሬን አይጫንም ይላል። እሱንም እኔ ነኝ የጻፍኩት፤ አጭር መስመር ናት።

«ስለመጣችሁ እግዜር ይስጥልኝ ነው የሚለው» አልኩት።

ድሬሰሩ አየኝ። ፓይለቱ ለአስማረ ጎንበስ ብሎ እጅ ነሳውና በሩን ዘጋው።