የጋሽ ማሞ ሦስተኛ አክታ

ሠላሳ ዓመት መኪና የነዳ ሰው አጠገብ ተቀምጣችሁ «ትንሽ ወደ ቀኝ ጠጋ በል» ብላችሁት ታውቃላችሁ? እኔ አማቴን ብያቸው ከሸጎሌ እስከ ጳውሎስ አንድ ቃል አልተነፈሱም። እንዲህ ያስኮርፋል እንዴ ብዬ ታዝቤያቸው ነበር። ቆይቶ በእኔም ደረሰ።

የላቦራቶሪ ባለሙያ ነኝ። ጉለሌ ባለ አንድ ጤና ጣቢያ፣ ማይክሮስኮፕ ላይ ተደፍቼ አክታ ውስጥ የቲቢ ባክቴሪያ ስፈልግ ነው ፀጉሬ የሸበተው። ታዲያ በየአገሩ ላሉ የመንግሥት ላቦራቶሪዎች ፈጣን የቲቢ መመርመሪያ ሲታደል ለእኛም አንድ ደረሰን። ከማይክሮዌቭ ብዙም የማትተልቅ ሳጥን ናት። አክታውን አዘጋጅታችሁ ስታጎርሷት፣ በሁለት ሰዓት ውስጥ «አለ» ወይም «የለም» ትላለች። ለዓይን የምትተወው ሥራ የለም። ባልደረቦቼ ከበዋት ሲያደንቁ እኔ የማይክሮስኮፔን አቧራ እጠርግ ነበር። አቧራ አልነበረውም።

በዚያው ሳምንት ጋሽ ማሞ መጡ። የሽሮ ሜዳ ሸማኔ ናቸው። ከዚያ በፊት ሁለት ጊዜ አክታቸውን አይቼ «የለብዎትም» ያልኳቸው እኔ ነኝ። ሳሉ ግን አልተዋቸውም፤ ሰውነታቸው አልቆ ኮታቸው የሌላ ሰው መስሏል። ባለቤታቸውም «ሐኪም ደህና ነህ ካለህ፣ ሥራ ጠልተህ ካልሆነ ምን ያስተኛሃል?» ይሏቸው ጀምረዋል። ለሦስተኛ ጊዜ ወደ እኔ የላከቻቸው የጤና ጣቢያችን ሐኪም ናት።

አክታቸውን ለማሽኗ ሰጠሁና፣ እልህ ይዞኝ፣ ከዚያው ላይ ጥቂት ወስጄ በማይክሮስኮፕ ማየት ጀመርኩ። ዓይኔ እስኪያለቅስ ፈለግሁ። ምንም የለም። ደስ አለኝ፤ እግዚአብሔር ይቅር ይበለኝ።

ማሽኗ «አለ» አለች። በተለመደው መድኃኒት የሚድን መሆኑንም ጨመረች።

ባክቴሪያው ጥቂት ሲሆን ከማይክሮስኮፕ ሊያመልጥ እንደሚችል ተማሪ ሳለሁ ለፈተና ሸምድጄዋለሁ። ባክቴሪያው ያመለጠኝ ሰው ኮሪደር ላይ ተቀምጦ ሲጠብቀኝ ግን ሌላ ነገር ነው። ውጤቱን የምትናገረው ሐኪሟ ብትሆንም፣ የቀደሙት ሁለት ወረቀቶች ላይ ፊርማዬ ስላለ አብሬያት ገባሁ።

«ጋሽ ማሞ፣ ይቅርታ ያድርጉልኝ» አልኳቸው። «በሽታው ያኔም ሳይኖርብዎት አልቀረም። እኔ ነኝ ያላየሁት።»

ይቆጣሉ ብዬ ጠበቅሁ።

«እንግዲያው ሰንፌ አይደለማ» አሉ ቀስ ብለው።

«አይደለም።»

«ይህችን ነገር ለባለቤቴ በጽሑፍ ትሰጠኛለህ?»

ሐኪሟ ሳቀች። እኔ አልቻልኩም።

መድኃኒቱን በዚያው ቀን ጀመሩ። በሳምንቱ ባለቤታቸውንና አብረዋቸው የሚሸምኑ አራት ሰዎችን ይዘው መጡ። ባለቤታቸው ነጻ ሆኑ፤ ከሸማኔዎቹ በአንዱ ላይ ተገኘ፤ እሱም ሳይውል ሳያድር መድኃኒት ጀመረ። ዛሬ ሁለቱም ድነው እየሸመኑ ነው።

ሸማኔዎቹን ይዘው የመጡ ዕለት ጋሽ ማሞ በር ላይ ቆመው ለጓደኞቻቸው «ማሽን ምናምን የሚሉትን አላውቅም» ሲሉ ሰምቻቸዋለሁ። «እኔ የማምነው ይህን ሰው ነው። ተሳስቻለሁ ማለት ያውቃል።»

አመስግኜ ጓደኞቻቸውን ተቀበልኳቸውና የሁሉንም አክታ በቀጥታ ለማሽኗ ሰጠሁ።