ሊከፍቱ ተጠርተው የሚዘጉት ጋሽ ታደሰ

የኮምፒውተር ኮድ የሚጽፈው የወንድሜ ልጅ ዳዊት አንድ ቀን አስረዳኝ። በትልቁ ፋይል ውስጥ ለአንዲት ጉዳይ የሚጠራ ትንሽ ፋይል አለ። ጉዳዩን ሲጨርስ «ተመለስ» ካሉት ወደ ጠራው ይመለሳል፣ ቀሪው ሥራም ይቀጥላል። «ውጣ» ካሉት ግን ትልቁንም ይዞት ይወጣል፤ ሁሉም ነገር ቀጥ! እኔ ፊደል ከመቁጠር አላለፍኩም፣ ይሄ ግን ወዲያው ገባኝ። የሰፈራችንን ሽማግሌ ጋሽ ታደሰን አውቃቸዋለኋ! እርስዎስ አንድ እንዲህ ያለ ሰው ያጣሉ?

ለዳዊት ሽምግልና ገርጂ ስንሄድ ጋሽ ታደሰን የጠራናቸው ለመክፈቻው ምርቃት ብቻ ነበር። መረቁ፣ መረቁና «በሰላም ያግባን!» ብለው ተነሡ። እንዲህ ተብሎ ማን ይቀመጣል? ሁላችንም አሜን ብለን ወጣን። የልጅቷ አባት እንኳ ከገዛ ቤታቸው ወጥተው የመገናኛ ታክሲ ውስጥ ገቡ!

መኪና ውስጥ ሲጠብቀን የነበረው ዳዊት ሮጦ መጣ። «ጋሼ፣ ሰጡን?»

«ኧረ ገና አልጠየቅንም!» አልኩት።

ልጅቷ ታክሲው ፊት ቆማ «አባዬ፣ ተመለስ እንጂ! ሳልጠየቅ ልቀርልህ ነው?» ብላ ጮኸች።

ተመልሰን ተቀመጥን። ጋሽ ታደሰ ጉሮሯቸውን ጠረጉና «እንግዲህ በምርቃት እንጀምር» ሲሉ፣ ልጅቷ በሩን ቆልፋ ቁልፉን ኪሷ ከተተች።