እትዬ ልኬ የዳኛውን ልጅ ከሠርጓ እንዳስቀሩ

በሢመታቸው በዐሥራ ሁለተኛው ዓመት፥ ሜትርን እንደ ሐብል የሚያጠልቁት፥ ክርን በአንድ ምራቅ ከመርፌ ዓይን የሚያስገቡት፥ የስፌት ቤቱ አለቃ እትዬ ልኬ በሰፊዎቻቸው ራስ ተቀምጠው ሳሉ፥ ቴሌቪዥኑም በጨርቅ መደርደሪያው ላይ በነገሠ በሦስተኛው ወር ይህ ሆነ።

በዚያ ወራት በተከታታዩ ድራማ የዳኛው ልጅ ለነጋዴው ታጭታ ነበር፤ ደራሲውም እንዲሁ ቆርጦ ነበር። የስፌት ቤቱ ሠራዊት ግን፥ ይኸውም አራቱ ሰፊዎች፥ ዘምዛሚዋና ቁልፍ ተካይዋ፥ ልባቸውን ለአባቷ ሾፌር ሰጥተው ነበር። ምክንያቱም ዓይናቸው ከጨርቅ፥ ጆሯቸው ከቴሌቪዥን ስለሆነ፥ ቀና የሚሉት ድምፅ ሲጠፋ ብቻ ነበር። ነጋዴው አፉ አያርፍምና መልኩን ያየው የለም፤ ቀና ባሉ ቁጥር ያዩ የነበረው ሾፌሩ የመኪናውን በር ከፍቶ ሲቆም፥ ልጅቱም ሳትገባ ስታየው ነበር። ስለዚህ ደራሲው ያልጻፈውን ፍቅር እነርሱ በዓይናቸው መሰከሩ።

ልብስ ተኳሹ ጋሼ እንፋሎት ብቻ፥ ቆመው የሚሠሩ ናቸውና ሁሉን ያዩ ነበር፤ ካውያቸውንም እንደ ጋሻ አንሥተው አወጁ፤ «ደራሲ የዳራትን ሰፊ አያፋታትም። ያቺ ልጅ እኮ እህታችሁ አይደለችም፤ አርፋችሁ ስፉ።»

የመጨረሻው ክፍል በደረሰ ጊዜ ሙሽራዪቱ ፈቃዷን ተጠይቃ ዝም አለች። የስፌት መኪኖቹም ሁሉ ቆሙ፤ ሾፌሩ ከደጅ ኮፍያውን በእጁ ይዞ ታየ። ከንፈሯ ሊላቀቅ ሲል እትዬ ልኬ ተነሥተው የቴሌቪዥኑን ገመድ ከሶኬቱ ነቀሉና አወጁ፤ «ልጅቷ እሺ አላለችም። ያላየነው ሠርግ አልተደረገም። ከዛሬ ጀምሮ የሾፌሩ ሚስት ናት፤ ሌላ የሚል ካለ ጉርድ ቀሚሱን ራሱ ይዘምዝም።»

ነገር ግን ድራማው ማታ በድጋሚ እንደሚታይ፥ የጋሼ እንፋሎትም ምላስ ከካውያቸው ይልቅ እንደሚያቃጥል የታወቀ ነበርና፥ ሠራዊቱ እስኪነጋ ተጨነቀ፤ እርሳቸው አንዲት ቃል ከተነፈሱ ያ ትዳር ፈረሰ ማለት ነውና።

በነጋው ጋሼ እንፋሎት ዓይናቸው ቀልቶ ገቡ። ካውያቸውን ሰክተው፥ ውሃ ረጭተው፥ ማንንም ሳያዩ አወጁ፤ «ማታ ቤቴ መብራት ጠፍቶ አመሸ። ምንም አላየሁም። ሾፌሩ እንደሆነ ጥሩ ልጅ ነው።» ቴሌቪዥናቸው እስከ ፍጻሜው ሲጮኽ በግድግዳ ማዶ ሆና የሰማችው ጎረቤታቸው ቁልፍ ተካይዋም አንገቷን ደፍታ ቁልፏን ተከለች።

ክብር ለእትዬ ልኬ፥ ደራሲ በብዙ ወረቀት ያጋባውን በአንድ ገመድ ላፋቱ፤ ሞገስም ለጋሼ እንፋሎት፥ እውነቱን በሆዳቸው ይዘው የሰው ደስታ ላልተኮሱ፤ ጨርቅና ክር እስካለ ድረስ ስማቸው አይተርተር።