ቆሮሶውን ያጎረሱት እትዬ የብርጓል

በዚህ አገር ከሌባ ማምለጥ ይቻላል፤ ከአጉራሽ ግን እስከዛሬ ማንም አላመለጠም። ሌባ ያለህን ወስዶ ይተውሃል፤ አጉራሽ የሌለህን ሆድ ይሞላብሃል።

የኛ ሰፈር አጉራሽ ክብርት ወይዘሮ የብርጓል ናቸው። እትዬ የብርጓልን ደብረ ማርቆስ ውስጥ የሚያስቀይማቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፤ የተዘጋ አፍ። ቆጣሪ ሊያነብ ግቢያቸው የገባው ወጣት ሁለት ሳህን ሽሮ በልቶ ቆጣሪውን ሳያነብ ወጥቷል። ጎረቤታችን ደመላሽ ለደም ምርመራ «ምንም ሳትበላ ና» ተብሎ ሲሄድ በር ላይ አስቁመው፣ «ደም ከባዶ ሆድ ይቀዳል እንዴ? አፈር ስሆን!» ብለው ግማሽ ድፎ ዳቦ አስውጠውታል። ሐኪሙ ለማግስቱ ቀጠረው። በማግስቱም እትዬ በር ላይ ነበሩ።

«አፈር ስሆን» ማኅተማቸው ናት። ይቺን ቃል ብለው እጃቸውን ከዘረጉ፣ እምቢ ማለት ቀብራቸውን መመኘት ነው።

ባለፈው ቅዳሜ የከተማችን ትንሽዬ የተፈጥሮ ታሪክ ሙዚየም የውሃ እንስሳትን ለሕዝብ አሳየ። እትዬም ዳቦ ቋጥረው መጡ። አስጎብኚዋ ሕሊና የጉማሬ ራስ ቅል ስታሳየን ክንድ የሚያህለውን ጥርስ አይተው ደነገጡ።

«ይሄ ምን ይበላል፣ ልጄ?»

«ሣር ነው እትዬ።»

«ይሄን ሁሉ ጥርስ ይዞ ሣር? ኧረ በሕግ! የሚያበስልለት አጥቶ ነው እንጂ!»

የዕለቱ ንጉሥ ግን ከጣና በበርሜል የመጣው ቆሮሶ ነበር፤ በመስታወት ገንዳ ውስጥ ብቻውን የሚዋኝ ዓሣ። አብዛኞቻችን ዓሣን የምናውቀው ተጠብሶ ነው። ሕሊና የሚተነፍስበትን ስንጥቡን እያሳየች ሳለ መብራት ጠፋ። ማይኩ ዝም አለ፤ ገንዳው ላይ ሲያንጎራጉር የነበረው ትንሽ ሞተርም ዝም አለ። እሷ ድምፅዋን ከፍ አድርጋ ቀጠለች።

ቆይቶ ዓሣው ወደ ላይ ወጣ። አፉን ከውሃው ጫፍ ላይ አድርጎ ይከፍታል፣ ይዘጋል። ሕዝቡ በደስታ አበደ። «ሰላም እያለን ነው!» አለ አንዱ። ስልክ ሁሉ ከኪስ ወጣ።

እትዬ የብርጓል ጮኹ። «ኧረ እናንተ ሰዎች! ርቦታል እኮ!» ሰው ሲስቅ እሳቸው ዳቦውን ፈርፍረው ገንዳው ውስጥ በተኑት። «ዋጥ! አፈር ስሆን፣ ዋጥ!»

ዓሣው ዳቦውን ተፋው።

የእትዬ እጅ አየር ላይ ቀረ። በዘመናቸው ጉርሻቸውን የተፋ የለም። ተቀየሙ ስል ፊታቸው አመድ መሰለ።

«ሕሊና፣ ልጄ» አሉ ቀስ ብለው። «እኔ ብዙ በሽተኛ አስታምሜያለሁ። የራበው አፍ እንዲህ አይደለም። ይሄ የሚያጣጥር አፍ ነው።»

ሕሊና ሞተሩን ዞር ብላ አየች። ክው አለች። «አየር የሚነፋለት እኮ ይሄ ነበር! ታፍኗል!»

ያ ሁሉ ሰው ተሰብስበን አንድ ፍጥረት ነፍሱ ልትወጣ ስትል እየቀረጽን ነበር! ያውም እየሳቅን! አንዱማ አሁንም ይቀርጻል። «ስልክህን ጣልና ጣሳ ያዝ!» ብዬ አምባረቅኩበት።

«ውሃውን እየቀዳችሁ ከፍ አድርጋችሁ መልሱት» አለች ሕሊና፣ የተንሳፈፈውን ዳቦ እያወጣች። «ሲወድቅ አየር ይዞ ይገባል።»

እትዬ ነጠላቸውን ወገባቸው ላይ አስረው ጆግ አነሱ። እንግዳ እንደሚያስታጥብ ሰው ከላይ ያንቆረቁሩት ጀመር። ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ፤ ይቀዳሉ፣ ያፈሳሉ። ብዙ ቆይቶ ዓሣው ቀስ እያለ ወደ ታች ወረደ። ጭብጨባ ሆነ። አጨብጭቦም ሰው ወደየቤቱ ሄደ፤ ጀግና ሁላ! መብራቱ ግን አልመጣም ነበር።

«እትዬ፣ ክንድዎ እየተንቀጠቀጠ ነው። ይስጡኝ» አልኳቸው።

ጆጉን ወደ ደረታቸው አስጠጉት። «አንተ? አንተ ስታወራ ውጭ ታፈሰዋለህ።»

«አላወራም።»

እኔን አዩ፤ ዓሣውን አዩ፤ ሰጡኝ።

ትንፍሽ ሳልል ቀዳሁ። እሳቸው ግንባራቸውን መስታወቱ ላይ ደግፈው ስንጥቡን ይመለከታሉ። ሲከፈት አየር ይስባሉ፤ ሲዘጋ ይተነፍሳሉ።