የብሎካችን የቅቤ አፍንጫ

«የገዛ አካሌ አለቃ ነኝ» የሚል ሰው ዋሽቷል። አለቃ ከሆናችሁ እስቲ ላባችሁን «ቁም» በሉት... ልባችሁን «ቀስ በይ» በሏት... ምራቃችሁን «አሁን ና» በሉት። አይሰሟችሁም። እኔ ይህን የተማርኩት ባለፈው እሁድ፣ የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም አራተኛ ፎቅ፣ የገዛ ሶፋዬ ላይ ተቀምጬ ነው።

በብሎካችን እኔ ትልቅ ሰው ነኝ። ሀብት የለኝም፣ ሥልጣን የለኝም፤ አፍንጫ ግን አለኝ። ጾም ሊፈታ ሲል የአራት ቤት ሴቶች «ጋሽ መርዕድ ያላሸተቱት ቅቤ ቤታችን አይገባም» ይላሉ። ላምበረት ገበያ እወርድና ቅቤውን በጣቴ ጫፍ ቆንጠር አድርጌ፣ ዓይኔን የጨፈንኩ መስዬ፣ በረጅሙ እስባለሁ። ከዚያ «ይሄ ሙዝ ገብቶበታል» ወይም «ይሄ ቅቤ ነው» ብዬ እፈርዳለሁ። ይግባኝ የለውም።

አንድ ችግር ብቻ አለ። ካቻምና ክፉ ጉንፋን ያዘኝና ሲለቀኝ ሽታን ይዞብኝ ሄደ። ወጥ ቢያር፣ ካልሲ ቢከረፋ፣ ለእኔ ሁሉም አንድ ነው። ለማንም አልተናገርኩም፤ ለባለቤቴ ለየሺ እንኳ። እናንተስ ብትሆኑ ትናገሩ ነበር? ሰው በስንት ዘመኑ አንድ ማዕረግ አግኝቶ...

እሁድ ዕለት የእህቴ ልጅ ሕሊና መጣች። የሕክምና ተማሪ ናት፤ በማግስቱ የተግባር ፈተና አለባት።

«ጋሼ፣ ከአንጎል በቀጥታ የሚወጡ አሥራ ሁለት ጥንድ ነርቮች አሉ። ዓይን የሚያዞሩ፣ ፊት የሚያንቀሳቅሱ፣ ምላስ የሚያዝዙ... እርስዎ ላይ ልለማመድ፣ ፕሊስ።»

ደስ አለኝ። የትኛው እንደሚቀድም ግን አልጠየቅኩም።

«አንደኛው የማሽተት ነርቭ ነው። ዓይንዎን ይጨፍኑ» አለች።

ልቤ ድው ድው ትል ጀመር። ደግነቱ የሺ ሎሚ ስትቆርጥ አይቻታለሁ።

«ይሄ ምንድን ነው?»

«ሎሚ።»

«ጎበዝ ጋሼ። ይሄስ?»

ሳሙናም ሊሆን ይችላል፣ ቅርንፉድም ሊሆን ይችላል... በረጅሙ ሳብኩ። «ቅርንፉድ ነው። ያውም ምርጥ ቅርንፉድ።»

ዓይኔን ስገልጥ መዳፏ ባዶ ነው። ለካ መምህራቸው የሚዋሽ እንዲለይ በመሃል ባዶ እጅ አቅርቡ ብሏቸዋል።

«ጋሼ፣ አይሸትዎትም እንዴ?»

«ኧረ በደንብ ይሸተኛል።»

እጄን ይዛ የልብ ምቴን ቆጠረች። «ላብ አጥምቆዎታል። ልብዎ ይሮጣል። የዓይንዎ ብሌን ሰፍቷል። አፍዎም ደርቋል።»

«ሙቀቱ ነው።»

«ሙቀት አይደለም። ይሄ ያለ ትእዛዝ የሚሠራው የነርቭ ክፍል ነው። ሲደነግጡ እንዲህ ያደርጋል፤ ሲረጋጉ ደግሞ አሥረኛው ነርቭ ልብዎን ያበርደዋል። እርስዎን አያማክሩም።»

ሃምሳ ሰባት ዓመት ያበላሁት ገላ በአንዲት ተማሪ ፊት አሳልፎ ሰጠኝ። ምን አደርጋለሁ? የሺ ማድ ቤት ስለነበረች ድምፄን ዝቅ አድርጌ ተናዘዝኩ።

«ታዲያ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅቤውን እንዴት መረጡ?»

እዚህ ላይ ትንሽ ኮራሁ። «ቅቤውን መች አየዋለሁ? ነጋዴዋን ነው የማያት። እኔ ስስብ እሷ አፏ ደርቆ ከንፈሯን ከላሰች፣ ግንባሯም ካወዛ፣ ሙዝ አለበት። ከተረጋጋች ንጹሕ ነው። አየሽ፣ ያንቺን ትምህርት ሳልመዘገብ ጨርሼዋለሁ።»

ሕሊና በአድናቆት አየችኝ። ይሄኔ የሺ ቢላዋ እንደያዘች ከማድ ቤት ብቅ አለች።

«ያለፈው ፋሲካ ቅቤ ግማሹ ሙዝ ነበር» አለች። «የገናውም እንደዚያው። ለጎረቤት ሳይከፋፈል በማለዳ ላምበረት ወርጄ ስቀይርልህ የኖርኩት እኔ ነኝ።»

«ታውቂ ነበር?»

«ወጡ አሮብኝ ሳለቅስ ‹ዛሬስ ሽታው ልዩ ነው› ያልከኝ ቀን ነው ያወቅኩት።»

«ታዲያ ለምን ዝም አልሽ?»

«ማዕረጉን ስትወደው አየሁ» አለችና ወደ ሽንኩርቷ ተመለሰች። አፈርኩ፤ ደግሞም ደስ አለኝ። ሕሊና አሁንም እጄን እንደያዘች ነበር፤ «ጋሼ፣ ልብዎ ቀስ አለ» አለችኝ።

ትናንት ቅዳሜ ከየሺ ጋር ላምበረት ወረድን። እኔ ቆንጥሬ እስባለሁ፤ እሷ ከጎኔ ቆማ ታሸታለች። ሙዝ ካለበት እግሬን ትረግጠኛለች። አምስት ነጋዴ ጋ ሄደን አራቴ ተረገጥኩ። አምስተኛው ላይ «ይሄ ቅቤ ነው» ብዬ ፈረድኩ፤ አራቱም ቤት መረቁኝ።

እንግዲህ ይህን የነገርኳችሁ አምኜአችሁ ነው። ከብሎካችን ሰው መጥቶ ቢጠይቃችሁ ዓይን ዓይኑን እያያችሁ ካዱልኝ። ብቻ መጀመሪያ ላባችሁን ጥረጉ።