በፖስታ የመጣ መርዶ

ከውጭ አገር የሚመጣ እሽግ የማን ነው? ስሙ የተጻፈበት ሰው ነው የምትሉ ከሆነ ትንሽ ከተማ ኖራችሁ አታውቁም ማለት ነው። ትልቅ ከተማ ውስጥ ሰውየው ፖስታ ቤት ይሄዳል፣ ይፈርማል፣ ጥቅሉን ብብቱ ሥር ሸጉጦ ቤቱ ይገባል፤ ማን አየው? ደባርቅ ላይ ግን እሽግ ሲመጣ የሚመጣው ለከተማው ነው። ከአውቶቡሱ ሲወርድ ያየ ሁሉ ቢያንስ ምን እንደሆነ የማወቅ መብት አለው። ባለቤቱ ብዙ ጊዜ የሚሰማው መጨረሻ ላይ ነው። ይህን የምለው ሰው ለማማት እንዳይመስላችሁ። የዚህ መብት ዋነኛ ተካፋይ እኔ ነበርኩ፤ ያፈርኩትም እኔው ብቻ ነኝ። ሌላው ሰው አልቅሶ፣ በልቶ፣ ስቆ ወደ ቤቱ ሄዷል።

ዘመኑ የደርግ ነው። እኔ ከደብረ ማርቆስ ተመድቤ ደባርቅ ላይ ጂኦግራፊ አስተምራለሁ። የምኖረው እትዬ ጥሩወርቅ ግቢ ውስጥ ተከራይቼ ሲሆን፣ ግድግዳ የምጋራው ከሚስተር ሬዲ ጋር ነበር። ሚስተር ሬዲ የፊዚክስ አስተማሪ ነው፤ ሕንዳዊ። ሥጋ አይበላም፣ እንቁላል አይነካም። ይህ ነገር ደባርቅ ላይ ምን ዓይነት ክብር እንዳተረፈለት ተናግሬ አልጨርሰውም። እትዬ ጥሩወርቅ ዓመቱን ሙሉ የሚጾም ሰው አድርገው ነው የያዙት። እኔ በጾም ቀን አንድ ነገር አጠፋሁ ሲባል በሰሙ ቁጥር ምሳሌ የሚያደርጉብኝ እሱን ነበር። ወተት እንደሚጠጣ አልነገርኳቸውም፤ የሰው ስም ማጥፋት አልወድም።

ይህ ሰው አንዲት ሴት ልጅ ነበረችው። ሱጃታ ትባላለች፤ ገና ስምንት ዓመቷ ነው። ልቧን ታማ ቀዶ ጥገና ሊደረግላት ነው ተብሎ ከተጻፈለት ወራት አልፈዋል፤ ከዚያ ወዲያ ወሬ የለም። ስልክ የማይታሰብ ነው። ፖስታውም ቢሆን ሊማሊሞ ላይ ተኩስ ተሰማ ከተባለ የጎንደሩ አውቶቡስ ይቀርና እሱም አብሮ ይቀራል። ሰውየው እያየነው ከሳ። አውቶቡስ ሲገባ ጠመኔውን አስቀምጦ በክፍሉ መስኮት ያያል አሉ ተማሪዎቹ። ማታ ማታ ደግሞ ወለሉ ላይ ሲመላለስ በግድግዳው በኩል ይሰማኛል። ልጄ ሞታ ይሆን ብሎ አንድም ቀን አፍ አውጥቶ አልተናገረም፤ ግን ሌላ የሚያስበው ነገር አልነበረውም።

አንድ ቀን ጎንደር ፖስታ ቤት እሽግ መጥቶልሃል የሚል ማስታወቂያ ደረሰው። ያኔ የውጭ ዜጋ ከደባርቅ ጎንደር ለመሄድ ይለፍ ያስፈልገዋል፤ ይለፉ ፊርማ ያስፈልገዋል፤ ፈራሚው ደግሞ ስብሰባ ላይ ናቸው። እኔ ለትምህርት ቤቱ ጠመኔ ላመጣ የምሄድበት ቀን ስለነበር ውክልና ጻፈልኝ። ወረቀቱን ሲሰጠኝ ብቻ አምጣልኝ አለኝ።

ጎንደር ላይ እሽጉ የሚከፈተው በፈታሽ ፊት ነው። ፈታሹ ጓድ ከቆርቆሮ ውስጥ ቢጫ ድብልብል ነገሮች አወጣና ምንድን ናቸው አለኝ። ጣፋጭ ነው አልኩት። በምን አወቅህ አለኝ። በመዓዛው አልኩት። እንግዲያው ቅመሰው አለኝ። ዕለቱ ረቡዕ ነው፤ ነገሩ በቅቤ ያበደ ነው። ለአብዮቱ ደኅንነት ስል ጾሜን ገደፍኩ። አልዋሻችሁም፣ ድገም ቢለኝ ኖሮ እታዘዘው ነበር።

ከጣፋጩ ሥር አንድ ደብዳቤና አንድ ፎቶግራፍ ወጣ። ደብዳቤው በአገራቸው ፊደል ስለሆነ ከጥልፍ አይለይብኝም። ፎቶውን ግን ወደ መስኮቱ አስጠግቼ አየሁት። አንዲት አሮጊት፣ አንዲት ወጣት ሴት፣ መካከላቸው አንድ ወንድ ልጅ፤ ሦስቱም ራሳቸውን ሙልጭ አድርገው ተላጭተዋል። ልጁ እስከ አንገቱ ነጭ ጨርቅ ተጠቅልሏል። አንዳቸውም ፈገግ አላሉም። ሱጃታ የለችም።

እስቲ እናንተው ፍረዱኝ። ሴት ፀጉሯን የምትላጨው መቼ ነው? እናቴ አባቴ የሞተ ጊዜ ተላጭታለች፤ አክስቴም ልጇን የቀበረች ጊዜ እንዲሁ። ይህን ለመረዳት ሕንድኛ ማወቅ ያስፈልጋል? ፊደሉን ማንበብ ቢያቅተኝ ራሶቹን አነበብኳቸው። ወንድ ልጁ ወንድሟ መሆን አለበት አልኩ። ሚስተር ሬዲ ወንድ ልጅ አለኝ ብሎኝ አያውቅም፤ ግን አባት ስለታመመው እንጂ ስለ ጤነኛው ልጁ መቼ ያወራል? እንዲህ እንዲህ እያልኩ ልጅቱን ከጎንደር ሳልወጣ ገደልኳት። በማግሥቱ ስመለስ አውቶቡሱ ዳባት ሳይደርስ ተሳፋሪው ሁሉ ሰምቷል። አጠገቤ የተቀመጠው ሰው ምነው ተከዝክ ሲለኝ ምን ልበለው?

መርዶ በእኛ አገር እንደ ደብዳቤ አይታደልም። ሰውን መንገድ ላይ አስቁሞ ልጅህ ሞተች ማለት ነውር ነው። መጀመሪያ ይደበቃል። ዘመድ ይሰበሰባል፣ ጎሕ ሲቀድ በር ይንኳኳል፣ ሽማግሌ ይናገራል። ለባዕድ አገር ሰው ደግሞ ዘመዱ ጎረቤቱ ነው። ስለዚህ እሽጉን ጠመኔው ሳጥን ውስጥ ቀበርኩት።

ደባርቅ ስወርድ ሚስተር ሬዲ መናኸሪያው ላይ ቆሞ ይጠብቀኛል። መጣ ወይ አለኝ። አልደረሰም፣ በሚቀጥለው ሳምንት ተመለሱ ብለውኛል አልኩት። ፊቱን ላለማየት ስለ ጠመኔው ጥራት ብዙ ነገር አወራሁለት። እሱ ደግ ሰው ነውና ደክሞሃል ብሎ ሳጥኑን ከእጄ ተቀበለኝ። ተሸክሞ እስከ ክፍሌ አደረሰልኝ። እኔ ከኋላው ባዶ እጄን እከተለዋለሁ።

እሽጉን አልጋዬ ሥር ከትቼ ለእትዬ ጥሩወርቅ ነገርኳቸው። ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ይዘው ድምፅ ሳያሰሙ አለቀሱ። እንባቸውን ጠርገው ደግሞ ማዘዝ ጀመሩ። ዓርብ አይሆንም፣ ተማሪ ፊት ይወድቃል አሉ። ቅዳሜም ገበያ ስለሆነ ሰው አይገኝም፤ ሰው የሌለበት ልቅሶ ምን ልቅሶ ነው? ጎረቤታችን መምሬ አየለ በዚያ ሳምንት የቅዳሴ ተረኛ አልነበሩምና እሑድ ጎሕ ሲቀድ ይሁን ተባለ። መምሬ የእኛ እምነት ላልሆነ ሰው ምን ይባላል ብለው ትንሽ ተጨነቁ፤ ኋላ ግን ልጅ የእግዜር ናት ብለው ተስማሙ። ቀበሌም ማስፈቀድ ነበረብን፤ ልቅሶም ስብሰባ ነዋ። ሊቀመንበሩ ሟቿ ከየትኛው መደብ ናት ብለው ጠየቁኝ። የስምንት ዓመት ልጅ ናት ብላቸው ፈቀዱልን።

በእነዚያ ቀናት ሚስተር ሬዲ ግራ ገባው። ሰው ሁሉ ድንገት ደግ ሆነበት። ሴቶች ሲያልፍ ከንፈር ይመጥጡለታል፣ ዳቦ ይላክለታል፣ ክፍል ውስጥ የሚረብሽ ተማሪ ጠፋ። ሰው ምን ሆኗል ብሎ እኔን ጠየቀኝ። ይወዱሃል አልኩት። ማታ ያው ወለሉ ላይ ይመላለሳል፤ እኔ እሽጉ ላይ ተኝቼ እሰማዋለሁ። አይዞህ ወንድሜ እላለሁ በልቤ፣ እስከ እሑድ ተስፋህ አይቆረጥ። ራሴን እንደ ትልቅ ሰው አድርጌ ማየቴ አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

እሑድ ጎሕ ሲቀድ ግቢው ሞላ። መምሬ በሩን አንኳኩ። ሚስተር ሬዲ በፒጃማ ብቅ አለ። ያ ሁሉ ሰው ነጠላና ጋቢውን አዘቅዝቆ ያየዋል። በዚያ ዘመን ደግሞ በማለዳ በር የሚንኳኳበት ሌላም ምክንያት ነበር። ተመልሶ ገባና ፓስፖርቱንና የመኖሪያ ፈቃዱን ይዞ ወጣ፤ ለመምሬ አስረከባቸው። መምሬ ምን ያድርጉ? በመስቀላቸው ባርከው መለሱለት።

ተራው የእኔ ሆነ። ስለ ሰው ልጅ ዕጣ የሚጀምር ረጅም የእንግሊዝኛ ንግግር አዘጋጅቼ ነበር። ከአፌ የወጣው ግን «ልጅህ» የሚለው ብቻ ነው። እትዬ ጥሩወርቅ የቀረውን አልጠበቁም። እሪ ሲሉ ግቢው አብሮ እሪ አለ። ሚስተር ሬዲ ደጃፉ ላይ በጉልበቱ ወደቀ። ከዚያ ሰው የወጣውን ድምፅ ባልሰማው ኖሮ ደስ ይለኝ ነበር። እንደምንም ቀና ብሎ ማን ነገረህ አለኝ። እሽጉን ከጋቢዬ ሥር አውጥቼ ፎቶውን ሰጠሁት።

አየው። ወደ ብርሃኑ አዙሮ ደግሞ አየው። ደብዳቤውን ዘርግቶ አነበበ። ከዚያ መሬት ላይ ቁጭ ብሎ ይስቅ ጀመር፤ እንባው እየወረደ ይስቃል። ሴቶቹ ሐዘኑ አዞረው ብለው ይብስ አለቀሱ። እሱ ፎቶውን ወደ እኔ ዘርግቶ ጣቱን ወንድ ልጁ ላይ አሳረፈ።

«ይቺ ናት» አለኝ። «ሱጃታ ይቺ ናት።»

ሚስቱ ተስላ ኖሯል። ልጅቱ በሕይወት ከወጣችልኝ ተራራው ላይ ወዳለው ቤተ መቅደሳችን ወጥተን፣ እኔም እናቴም ራሷም ልጅቱ ፀጉራችንን እንሰጣለን ብላ። ጣፋጩም ከዚያው የመጣ በረከት ነው። ይህን እየተርበተበትኩ ወደ አማርኛ ስመልስ መምሬ አላስጨረሱኝም፤ ስለት ነዋ አሉ። ቃሉ ግቢውን በአንድ ጊዜ ዞረ። ስለት። እትዬ ጥሩወርቅ እንባቸውን በነጠላቸው እየጠረጉ ወደ እኔ ዞሩ።

«እኛ ለእመቤታችን ጥላ እናስገባለን፣ እነሱ ፀጉር አስገቡ» አሉኝ። «ታዲያ አንተ ምኑን ነው ያስለቀስከን?»

ደባርቅ ላይ ስለት ምን እንደሆነ የማያውቅ አንድ ሰው ቢፈለግ የተገኘሁት እኔ ነኝ። ሕዝቡ ለእዝን ያመጣውን እንጀራ እዚያው ዘርግቶ የደስታ አደረገው፤ ጣፋጩንም እየቆረሰ ቀመሰ። እኔ ጥግ ይዤ ነገሩ በዚሁ ቢያልፍልኝ ብዬ እጸልያለሁ። አላለፈም። ሚስተር ሬዲ አጠገቤ መጥቶ ተቀመጠና መቼ ደረሰ አለኝ። ሐሙስ አልኩት። የት ነበር አለኝ። በጠመኔው ሳጥን ውስጥ አልኩት።

ሳቁ ከፊቱ ጠፋ። ቀስ ብሎ «የተሸከምኩት እኮ እኔ ነኝ» አለኝ።

ባህላችን ነው ልለው አፌን ከፍቼ ነበር። ግን ሞት የሚደበቅበት ባህል እንጂ የልጅ መዳን አልጋ ሥር የሚቀመጥበት ባህል የለንም። ሰውየው ከግድግዳው ወዲያ ሲመላለስ ያደረው እኔ የተኛሁበትን ዜና ፍለጋ ነው። መሬት ተከፍታ ብትውጠኝ በወደድኩ፤ እሷም አልፈለገችኝም። ለብዙ ቀን ሰላምታ እንጂ ወሬ አልነበረንም። ኋላ ይቅር ብሎኝ ሻይ ሲጋብዘኝ፣ ከእንግዲህ የራሴም ሞት በፖስታ ቢመጣ ቀጥታ ለእኔ ስጠኝ አለኝ።

ውሉ አልቆ አገሩ ከገባ ብዙም ሳይቆይ በእኔ ስም እሽግ መጣ። እንደ ደንቡ ከተማው አጅቦት ግቢ ገባ፤ ሰው ሁሉ ባለበት ተከፈተ። ሻይ ቅጠልና አንድ ፎቶግራፍ ነው። ፀጉሯ ጆሮዋን የሸፈነ፣ አበባ የሰካች ልጅ ጥርሷን ገልጣ ትስቃለች። ከጀርባው በልጅ እጅ፣ በእንግሊዝኛ፣ «ውድ አጎቴ፣ በሕይወት አለሁ። ደግሞም ሴት ነኝ» ይላል። ምን ይላል አሉኝ። ጉሮሮዬን ጠርጌ፣ ለደባርቅ ሕዝብ ሞቅ ያለ ሰላምታ ታቀርባለች አልኳቸው። እትዬ ጥሩወርቅ እኔንም ፎቶውንም አፈራርቀው አዩን። ከዚያ ከእጄ ወሰዱት።

«ለማንኛውም ሌላ አስተማሪ ያንብብልን» አሉና ግቢውን ሙሉ አስከትለው ወጡ።