ሐጅ የተነሱ እግሮች

ሰው ሲቸገር «ግራ ገባኝ» ይላል። «ቀኝ ገባኝ» ብሎ የተቸገረ ሰው ግን ሰምታችሁ ታውቃላችሁ? እኔ አልሰማሁም። ከሚሴ ውስጥ ሠላሳ ዓመት እንጨት የላግኩ አናጺ ነኝና ነገሩን ብዙ አስቤበታለሁ። ግራንም ቀኝንም አላምናቸውም። እንጨቱን ስትገለብጡት ግራው ቀኝ ይሆናል፤ ቀኙም ያለ አንዳች ሀፍረት ግራ ይሆናል። ስለዚህ በእያንዳንዱ እንጨት ላይ ወደ ቂብላ የሚያመለክት ቀስት በእርሳስ እሥላለሁ። ፈታትቼ ስገጣጥም ቀስቶቹን ሁሉ ወደ መካ አዞራለሁ፤ ሁሉም ቦታ ቦታውን ያገኛል። በዚህ ዘዴ ስንት አልጋ፣ ስንት ቁም ሳጥን ሠርቻለሁ፤ አንድም ቀን አላሳፈረኝም።

እስከ ልጄ ኒካህ ድረስ።

ልጄ ዘሐራ ወደ ባቲ ልትዳር ሳምንት ሲቀራት ስልኳን ይዛ ወደ ሥራ ቦታዬ መጣች፤ እንዲህ ያለች ጠረጴዛ ሥራልኝ ብላ ፎቶ አሳየችኝ። እግሮቿን አንፈራጣ የቆመች ጠረጴዛ! እኛ ልጅ እንዲህ ሲቆም «ሰብሰብ በል» እንላለን፤ ዛሬ ለካ ፋሽን ሆኗል። ብቻ ከቤት የምትወጣ ልጅ ናትና እሺ አልኩ። እንጨቱ ግን እንደዋዛ የሚቆረጥ አልነበረም። አባቴ ጨፋ ላይ ተክሏት የኖረችውን ዋንዛ ጎርፍ ሲጥላት ለዚህ ቀን ብዬ ያስቀመጥኩት ጣውላ ነው። የሚበቃው ለአንዲት ጠረጴዛ ብቻ ነው፤ ካበላሸሁት ሌላ የለም።

ማዕዘን የምለካበት ስኳድራዬ ከቀጥታ ሌላ ስለማያውቅ ከካርቶን ሰያፍ መለኪያ አበጀሁ። የእግሩ ጫፍ ላይ ከላይኛው ገበታ ቀዳዳ ውስጥ የሚገባ ምላስ አለ፤ እግሩ እንዲያዘነብል እሱ በሰያፍ ይቆረጣል። አሥር ጊዜ ለካ፣ አንድ ጊዜ ቁረጥ ይባላል፤ አሥር ጊዜ ለካሁ። የመጀመሪያው እግር ወደ ቀስቱ ዘንበል አለ፤ አማረልኝ። ሦስቱንም በእሱ አምሳያ ቆረጥኩ። ከዚያ ያለ ኮላ ገጣጥሜ፣ ቀስቶቹን እንደ ልማዴ ወደ ቂብላ አዙሬ አቆምኳት።

አየኋት። ዞሬም አየኋት። አንድ ነገር ልክ አይደለም፤ ምን እንደሆነ ግን አልገባኝም። ካርቶኑ ልክ ነው፣ ምላሱ ልክ ነው፣ ቀስቱ ልክ ነው። ሁሉም ልክ ሆኖ ነገሩ ሲበላሽ፣ እናንተ ብትሆኑ ከየት ትጀምራላችሁ? እዚያው እንደ ተገተርኩ ጎረቤቴ ልብስ ሰፊው ጋሽ ታደሰ ብቅ አለ።

«ሁሴኔ፣ ማል ታቴ?» አለኝ፤ በኦሮምኛ ምን ሆነች ማለቱ ነው። «እግሮቹ ሐጅ ሲነሱ ገበታውን ለምን ጥለውት ይሄዳሉ?»

እውነቱን ነው። አራቱም እግሮች ወደ መካ ይራመዳሉ፤ ገበታው ከሚሴ ቀርቷል። በእጄ ጫን ባልኳት ጊዜ ተወላገደች። የአባቴን ዋንዛ በገዛ እጄ ገደልኳት ብዬ ተቀመጥኩ፤ ልቅሶ ዳር ዳር አለኝ።

ዘሐራ የመጣችው በዚህ መሀል ነው። ጠረጴዛዋንም እኔንም አየች። ጎንበስ ብላ የኋለኞቹን ሁለት እግሮች ነቀለች፤ ፊታቸውን ወደ ኋላ አዙራ መልሳ ከተተቻቸው። ጠረጴዛዋ እግሯን አንፈራጣ ቀጥ አለች። እላይዋ ላይ ብቀመጥባትም ንቅንቅ አላለችም።

«ቀስቱስ?» አልኩ።

«አባ፣ ሁሉም ወደ አንድ ወገን ከሄደማ ማን ይቆማል?»

ከወር በኋላ ልጠይቃት ባቲ ሄድኩ። የከሰዓቱ የአስር ሰላት ደረሰና ቤቱ አዲስ ስለሆነብኝ ቂብላው በየት በኩል እንደሆነ ጠየቅኋት። «ከጠረጴዛው ሥር ቀስት አለልህ» ብላ ሳቀች። እኔም ሞኙ ጎንበስ ብዬ አየሁ። ሁለቱ ቀስቶች ወደ በሩ ያመለክታሉ፣ ሁለቱ ወደ ጓዳው። ሠላሳ ዓመት ያመንኩት ቀስት እንዲህ ሲያደርገኝ ግራ ገባኝ፤ ቀኝም ገባኝ።

ልጄ ትከሻዬን ያዘችና እንደዚያ የጠረጴዛ እግር ወደ ቂብላው አዞረችኝ።